መልስ፦ ኢሊኖይ ውስጥ የሲቪል ዩኒየን ፈቃድ ስለማውጣት

እህቴ፣ «እጮኛዬ በሥራ ምክንያት መምጣት ስለማይመቸው ኢሊኖይ ውስጥ የሲቪል ዩኒየን ፈቃድ ብቻዬን ላውጣ?» ላልሽው፣ አይሆንም። (ሲቪል ዩኒየን ማለት ስቴቱ የባለትዳር መብት የሚሰጠው፣ ግን ጋብቻ ያልሆነ ሕጋዊ ጥምረት ነው።) ሁለታችሁም መታወቂያ ይዛችሁ የካውንቲው ክለርክ (የአካባቢው አስተዳደር መዝጋቢ) ቢሮ በአካል መቅረብ አለባችሁ። ከሁለት አንዳችሁ ባለፉት 6 ወራት ውስጥ የተፋታችሁ ከሆነ የፍቺውን ውሳኔ የተረጋገጠ ቅጂ ጨምሩ።

ሰው የሚሸወደው ቀኑ ላይ ነው። ፈቃዱ የሚሠራው ከወጣበት ማግስት ጀምሮ ለ60 ቀን ነው። ቅዳሜ ለሚደረግ ሥነ ሥርዓት ቢያንስ ዓርብ በእጃችሁ መሆን አለበት፤ የዚያኑ ዕለት አውጥቶ የዚያኑ ዕለት መፈራረም የለም። ደግሞ የሚያገለግለው እዚያው ካውንቲ ውስጥ ብቻ ነው። ከኩክ ካውንቲ አውጥታችሁ ዱፔጅ ካውንቲ ያለ አዳራሽ ከተከራያችሁ ዋጋ የለውም።

ቆይ ግን፣ «በኋላ የግሪን ካርድ ፎርም እሞላለታለሁ» ብለሻል። ዋናው ጉድ እሱ ነው! ስቴቱ ከ2011 ጀምሮ የባለትዳር መብት ቢሰጣችሁም፣ የፌዴራሉ ኢሚግሬሽን ሲቪል ዩኒየንን እንደ ጋብቻ አይቆጥረውም። የፌዴራል ታክሱም እንደዚያው። ሐሳብሽ ግሪን ካርዱ ከሆነ፣ እዚያው ቢሮ የጋብቻ ፈቃድ ጠይቂ።