ማንደጃውን ከእግርዎ ያርቁ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ የምኖር የ48 ዓመት ሴት ነኝ። ስኳር እንዳለብኝ ከታወቀ 9 ዓመት ሆኖኛል፤ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ። ከአምና ክረምት ጀምሮ እጄና እግሬ፣ በተለይ እግሬ፣ ሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ይደነዝዛል፤ አንዳንዴም መርፌ መርፌ ይለኛል። ሁለት ካልሲ ደርቤም አይሞቀኝም። ማታ ማታ እግሬን ማንደጃ ላይ አሞቃለሁ፤ ጨው በተጨመረበት ትኩስ ውሃም እዘፈዝፈዋለሁ። ጎረቤቴ «ደምሽ ወፍሮ ነው» ስትለኝ አስፕሪን ገዝቼ መውሰድ ጀምሬአለሁ። አጎቴ በስኳር ምክንያት እግሩ ተቆርጧል። የደም ዝውውር የሚያፋጥን ቫይታሚን ይኖር ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ቫይታሚን ነው፤ እንቅልፍ የነሣዎት ግን የአጎትዎ እግር ይመስለኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። በደብዳቤዎ ውስጥ እግርዎ ሊቆረጥ ነው የሚያሰኝ ነገር አላገኘሁም። የሚቀዘቅዙት ሁለቱም እግሮች ናቸው፤ እጆችዎም አብረው ይቀዘቅዛሉ፤ ቁስል አለብኝም አላሉም። ይህ ሁሉ ደግ ነው።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ማዶ ያለ ደጋ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይወርድበታል። እንዲህ ባለ ብርድ ሰውነት ሙቀቱን ለልብ፣ ለሳንባና ለአንጎል ለማቆየት ሲል የእጅና የእግርን ደም ሥሮች ያጠባል። የጤነኛ ሰው ጣትም ይቀዘቅዛል።

የእርስዎ ነገር ከብርድ ያለፈ እንደሆነ የሚያሳየው መደንዘዙና መርፌ መርፌ ማለቱ ነው። ዛሬ ማታ እግርዎ በጣም ሲቀዘቅዝዎት ባለቤትዎ ወይም ልጅዎ ይንካልዎት። ለእርስዎ የቀዘቀዘው እግር ለሌላ ሰው እጅ ሞቅ ካለ፣ ደሙ እየደረሰ ነው ማለት ነው፤ ስሜቱን ያዛባው ነርቩ ሊሆን ይችላል። የደም ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቮች ይጎዳል። የተጎዳ ነርቭ ብርድ በሌለበት ብርድ አለ ይላል፤ እሳት ሲነካው ደግሞ ዝም ይላል።

ማንደጃውን አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው። እሳት ደም ያንቀሳቅሳል የሚለው እምነት በየቤቱ አለ፤ ከእናት ወደ ልጅ ስለተላለፈም ማንም አይጠራጠረውም። ስሜቱ ሙሉ የሆነ ሰው ፍሙ ሲፋጅበት እግሩን ይሰበስባል። እርስዎ ግን «ገና አልሞቀኝም» እያሉ ያቀርባሉ። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ውሃ የጤነኛ ሰው ቆዳ እንኳ በጥቂት ሰከንዶች ያቃጥላል፤ ሳፋው ውስጥ ያለውን ውሃ በደነዘዘ እግር መለካት ደግሞ አይቻልም። ፍል ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ ብርድ ልብስ ውስጥ መክተትም ያው ነው። ሰውየው ምንም ሳያመው ይተኛል፤ ጠዋት ካልሲውን ሲያወልቅ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ያያል። ስላላመመው ይተወዋል። ስኳር ባለበት ሰው እንዲህ ያለ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ ያመረቅዛል፤ ጀርሙ አጥንት ሲደርስ ነው የመቁረጥ ነገር የሚነሣው። አጎትዎን ያስታመሙትን ሰዎች ይጠይቁ፤ መጀመሪያ ትንሽ ቁስል ነበረች ቢሉዎት አልገረምም። ጨው ያለበት ውሃ ደግሞ ቆዳውን አድርቆ ተረከዝን ይሰነጥቃል፤ በዚያ ስንጥቅ ጀርም ይገባል። ከሰሉን በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚያነዱ ከሆነም ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ቤተሰብ በሙሉ በተኛበት ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እግር ማሞቂያ ማንደጃ፣ ፍል ውሃና ጠርሙስ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

በምትኩ የማያጠብቅ የሱፍ ካልሲ ያድርጉ፤ ሲረጥብ ይቀይሩት። ከመተኛትዎ በፊት ቤት ውስጥም ቢሆን ትንሽ ይራመዱ። እግርዎን ለብ ባለ ውሃ ሳይዘፈዝፉ ይታጠቡ፤ የውሃውን ሙቀት በክርንዎ ወይም በሌላ ሰው እጅ ይለኩ። በጣቶችዎ መካከል በደንብ ያድርቁ፤ ተረከዝዎን ቫዝሊን ይቀቡ። በየማታው የውስጥ እግርዎን በመስተዋት ይመልከቱ።

አስፕሪኑን ማን አዘዘልዎት? «ደም ያቀጥናል» ሲባል ደም እንዳይረጋ ያግዛል ማለት ነው እንጂ የጠበበ ደም ሥር አይከፍትም፤ እግርም አያሞቅም። ጨጓራን ግን ሊያደማ ይችላል። ሐኪም ያላዘዘልዎትን ጎረቤት ሊያዝልዎት አይገባምና መውሰዱን ያቁሙ፤ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ካዩ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ለልቡ ወይም ለስትሮክ የታዘዘለት ሰው ግን ይህን አንብቦ በራሱ እንዳያቋርጥ።

ዝውውር የሚያፋጥን ቫይታሚን የለም። ሆኖም ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል፤ የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ እጥረቱ ሊብስ ይችላል። እሱ ሲጎድል ነርቭ ይጎዳል፤ እግርም ይደነዝዛል። መጀመሪያ ይመርመሩ እንጂ ከፋርማሲ ዝም ብለው አይግዙ።

ከአምና ክረምት ጀምሮ ነው ያሉት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ደንዝዞ ይህን ያህል መቆየት አልነበረበትም። ቢከብድዎትም በዚህ ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ዳገት ሲወጡ ባትዎን እየጨመደደ፣ ሲያርፉ የሚተውዎት ከሆነ ይናገሩ፤ ደም ሥር ሲጠብ እንዲህ ያደርጋል። ነገር ግን አንዱ እግር ብቻ በድንገት ቀዝቅዞ ከገረጣ፣ ከባድ ሕመም ከጀመረው ወይም አልንቀሳቀስ ካለ ሌሊትም ቢሆን አይደሩ፤ ሳያሹትና ሳያሞቁት በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። እንዲህ ያለውን እግር ለማዳን ያለው ጊዜ የሰዓታት ነው።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ በጣት ደም ተለክተው ብቻ አይመለሱ። የ3 ወር የስኳር መጠንዎን የሚያሳየውን ምርመራ ይጠይቁ። ካልሲዎን ራስዎ አውልቀው «እግሬን ይዩልኝ» ይበሉ፤ የእግርዎን የደም ትርታ በጣት ይዳስሱልዎት፤ ስሜቱንም በቀጭን የናይሎን ክር ይፈትኑልዎት። ይህ ምርመራ አያምም፤ በየዓመቱም ቢያንስ አንድ ጊዜ ይደረግልዎት።