ሽጉጤን ይዤ አዋሽ ፓርክ ልግባ? ከአዳማ የተነሱ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከአዳማ እየተነሳሁ እንግዶችን አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሳስጎበኝ ዓመታት ሆነኝ። ሰሞኑን ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሳላ (ቀንደ ረጅሙ የዱር እንስሳ) ወይ ስለ ፏፏቴው አይደለም፤ ስለ መሣሪያ ነው። መንገዱ ያሳስባቸዋል፣ ሌሊቱም ያሳስባቸዋል። አልፈርድባቸውም። ባለፈው እሁድ ሰብሰብ ብለን ቡና ስንጠጣ "የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" አልኳቸው። የተጠየቅኩትንና የመለስኩትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሽጉጤ ሕጋዊ ፈቃድ አለው። በሩ ላይ ፈቃዱን ባሳያቸው ያስገቡኛል?

መልስ፦ አይ ወንድሜ። ፈቃድህ የሚናገረው መሣሪያው በስምህ መመዝገቡን ነው። የፓርክ መግቢያ አይሆንህም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አንድ ነገር ነው። የዱር እንስሳት ሕግ ሌላ ነው፤ እሱ በ1999 ከወጣው አዋጅ ቁጥር 541 እና ከዚያ በኋላ ከመጣው ደንብ ይጀምራል። አንዱን ማሟላት ሌላውን አይሽርም። ጎብኚ መሣሪያ ይዞ ብሔራዊ ፓርክ አይገባም፤ በቃ።

ምክንያቱን ልንገርህ። ፓርክ ውስጥ መሣሪያ የያዘ ሰው ወይ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ነው ወይ ሕገወጥ አዳኝ። ሦስተኛ የለም። አዋሽ 756 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ስካውቱ ያንን ሁሉ የሚጠብቀው ባብዛኛው በእግሩ ነው። በሩቅ ሽጉጥ ወገብህ ላይ ካየ ፈቃድህን ከዚያ ሆኖ አያነብልህም። ተኩስ ከሰማም የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንስሳ እየተገደለ ነው።

ጥያቄ፦ ከመኪና ሳላወጣውስ? ወንበር ሥር ቢቀመጥ ማንን ይጎዳል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስሰማ አንድ ሌሊት ትዝ ይለኛል። አራት ወጣቶች ይዤ ወንዙ ዳር ሰፍረን ነበር። አንደኛው ሽጉጥ ወንበር ሥር መሸጎጡን አላወቅኩም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ግድም ጅብ መጣ። ድስቱን ሳናጥብ ውጭ ትተነው ስለነበር ክዳኑ ሲንኳኳ ይሰማል። ልጁ ደነገጠና ወደ ሰማይ ሁለት ጊዜ ተኮሰ።

ጅቡማ ሄደ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ያስፈራኝ። ስካውቶቹ መብራታቸውን አጥፍተው፣ መሣሪያቸውን አቀባብለው በጨለማ እየሮጡ ደረሱ። "ማነህ! እጅህን አንሳ!" አብሮን ያደረው ስካውት "የኛ እንግዶች ናቸው!" እያለ ባይጮህ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስበው። የአንዱ ጣት ቃታው ላይ ነበር፤ በባትሪዬ ብርሃን አይቼዋለሁ። ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሽጉጡን መሬት ላይ አስቀመጠ። ጠዋት ከሾላው ዛፍ ሥር ሁለቱን ቀለህ አነሳሁ፤ እያንዳንዱ የትንሿን ጣቴን ጫፍ አያህልም። ሽጉጡ ተወሰደ፣ ልጁም ጓደኞቹ ሲጎበኙ እሱ ቃሉን ሲሰጥ ዋለ።

ጥፋቱ የኔም ነው፤ ከአዳማ ስንነሳ መጠየቅ ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ሻንጣ ከመጫኔ በፊት እያንዳንዱን ሰው እጠይቃለሁ። የሚቀየመኝ ካለ ይቀየመኝ።

ጥያቄ፦ እኔ ድሬዳዋ ነው የምሄደው። አስፋልቱ ፓርኩን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። በፈቃድ የያዝኩት መሣሪያ አለ፤ አጥፊ ልባል ነው?

መልስ፦ የጅቡቲው መንገድ የሀገር መንገድ ነው። አንተ በዚያ ላይ መንገደኛ እንጂ ጎብኚ አይደለህም። ኬላ ላይ ስትጠየቅ ፈቃድህን አሳይ፣ መሣሪያ መያዝህንም ቀድመህ ተናገር፤ ሲገኝብህ አትጠብቅ። ግን ልብ በል፦ መተሐራን ካለፍክ በኋላ ሳላ አየሁ ብለህ መኪናህን ከአስፋልቱ አታውጣ። በፓርኩ በር ታጥፈህ የገባህ ዕለት ነገሩ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከአዳማ ስነሳ የት ላስቀምጠው? በር ላይ አይረከቡኝም?

መልስ፦ በር ላይ አስረክባለሁ ብለህ አትነሳ። ቤትህ ቆልፍበት። መንገድ ላይ ካለ አልጋ ቤት ለእንግዳ ተቀባይ አትስጥ፤ ፈቃዱ ባንተ ስም ነው፣ መሣሪያው ሌላ ሰው እጅ ከተገኘ ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ።

ጥያቄ፦ እኛ አንታጠቅም፣ እሺ። አንበሳ ቢመጣስ በምን እንከላከል?

መልስ፦ እናቴ፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። ለዚህ ነው ስካውት አብሮሽ የሚሄደው። በእግር ለሚደረግ ጉዞ፣ ለሌሊት አዳር፣ በፓርኩ ሰሜናዊ ክፍል ወዳለው ፍልውሃ ለመውረድ ስካውት ያዢ። ክፍያውን በሩ ላይ በደረሰኝ ፈጽሚ። እሱ የእንስሳቱን ጠባይ ያውቃል። መሣሪያ ቢይዝም አብዛኛውን ጊዜ የሚያድንሽ ዓይኑ ነው፤ እሱ "ቁሙ" ሲል መቆም ነው።

አዋሽ ላይ እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ አንበሳ አይደለም። ጉማሬና አዞ ናቸው። ጉማሬ ማታ ሣር ሊግጥ ከወንዙ ይወጣል። በእሱና በውኃው መካከል ከቆምሽ መንገዱን ዘጋሽበት ማለት ነው። ሽጉጥ ጉማሬን ያስቆጣዋል እንጂ አያስቆመውም። ወንዙ ዳር እግርሽን አትንከሪ፣ ልጆችም ውኃ እንዳይቀዱ። ምግብ በሙሉ መኪና ውስጥ ይደር፣ ድስቱም ጭምር። ሌሊት ከድንኳን መውጣት ካስፈለገሽ መጀመሪያ በባትሪ ዙሪያውን አብሪ። ዝንጀሮዎቹን ደግሞ በፍጹም አታብሊ። ሰው ያበላው ዝንጀሮ ነው መስኮት ከፍቶ የሚገባው።

ጥያቄ፦ ከረዩዎቹ ፓርኩ ዳር ክላሽ አንግተው ከብት ሲነዱ አይቻለሁ። ለነሱ የተፈቀደ ለኔ ለምን ይከለከላል?

መልስ፦ ይሄ ሰፊ ነገር ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲቋቋም መሬቱ ባዶ አልነበረም። የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብትና ግመል የሚያሰማሩበት፣ በበጋ ወደ ወንዙ የሚወርዱበት ነበር። ሌላው የወንዙ ዳር መሬት ደግሞ ለሸንኮራ አገዳ ዋለ። ድርቅ ሲመጣ ከብቱ ወዴት ይሂድ? ግጦሽና ውኃ ሲጠብ እርስ በርስም ከፓርኩም ጋር ግጭት ይነሳል። የከብት ዘረፋም አለ። ያ ሰው ክላሹን ያነገተው ላሞቹን ሊጠብቅ ነው።

ይህን ስል ፓርኩ ውስጥ መታጠቅ ለእሱ ተፈቅዷል ማለቴ አይደለም። የዚያ ሰው ጉዳይ የኑሮ ጉዳይ ነው፤ መፍትሔውም የሚገኘው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ በመነጋገር ነው። አንተ ግን ለሁለት ቀን ልትዝናና ነው የምትሄደው። ስታገኘው ሰላም በለው፣ ሳታስፈቅድ ፎቶ አታንሳው። መሣሪያ ይዘህ ብትቀርበው ግን በማን ወገን እንደመጣህ በምን ያውቃል?

ጥያቄ፦ ወንድሜ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው። እዚያ ሰው ሽጉጡን ታጥቆ ፓርክ ይገባል ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 22 ቀን 2010 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ብሔራዊ ፓርኩ ያለበት ግዛት ሕግ የሚፈቅድለት ሰው መሣሪያ ይዞ መግባት ይችላል። ከዚያ በፊት ጥይቱ ወጥቶ፣ መሣሪያው ታሽጎ ነበር የሚያልፈው። ዛሬም ቢሆን የጎብኚዎች ማዕከልን በመሰሉ የመንግሥት ሕንፃዎች ውስጥ ክልክል ነው። መያዝ ተፈቀደ ማለትም መተኮስ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ደቡብ አፍሪካ፣ ክሩገር ፓርክ ደግሞ መሣሪያህን በሩ ላይ አስመዝግበህ ይታሸጋል። ሁሉም የየራሱ ሕግ አለው። ወንድምህ ለእረፍት ሲመጣ የኮሎራዶን ሕግ ይዞ አይምጣ።

ጥያቄ፦ ለአደን የሚመጡ ፈረንጆችስ? ጠመንጃ ይዘው ነው የሚገቡት።

መልስ፦ እነሱ የሚያድኑት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አይደለም። ለአደን ተለይተው ቁጥጥር የሚደረግባቸው ቀበሌዎች አሉ፤ የደጋ አጋዘን የሚታደንባቸው በአርሲና በባሌ ተራሮች ያሉት ይታወቃሉ። መሣሪያው በፈቃድ ገብቶ በፈቃድ ይወጣል። የሚታደነው እንስሳ በቁጥር የተወሰነ ነው፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ አዳኝም አብሮ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የልጄ የአየር ጠመንጃስ? ጅግራ ለማባረር ያህል።

መልስ፦ አይሆንም። ወንጭፍም አይሆንም። አዋሽ ከ450 በላይ የወፍ ዝርያ የታየበት ቦታ ነው። ለልጅህ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ግዛለት፤ ካልሆነ ከኔ ይዋስ።

ጥያቄ፦ ቅጣቱ ስንት ነው?

መልስ፦ የ1999ኙ አዋጅ ሲወጣ ለሕገወጥ አደንና ለመሰል ጥፋቶች ያስቀመጠው ቅጣት ከ5,000 እስከ 30,000 ብር፣ ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም ነበር። የመሣሪያው ጉዳይ በራሱ ሕግ ለብቻው ይታያል። እኔ ግን ብሩን አይደለም የምፈራልህ። በሀገራችን ፓርኮች በሥራ ላይ እያሉ ተተኩሶባቸው የሞቱ ስካውቶች አሉ። ጨለማ ውስጥ ተኩስ የሰማ ስካውት እነዚያን ጓዶቹን እያሰበ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመጨረሻ። የስካውቱን ክላሽ ይዤ አንድ ፎቶ ብነሳስ?

መልስ፦ ልጄ፣ ይህን በየጉዞው የሚጠይቀኝ አለ። መሣሪያው የተሰጠው ለእሱ ነው፤ ካንተ እጅ ከታየ እንጀራውን ነው የምታሳጣው። ፎቶ ከፈለግህ አስፈቅደው። ክላሹን እሱ ይያዘው፣ አንተ ጎኑ ቁም። ከኋላችሁ ፈንታሌ ተራራ እንዲገባ አድርጌ እኔ አነሳችኋለሁ።