ሰው ያስያዘኝ ዕቃ ውስጥ ኮንትሮባንድ ቢገኝ እጠየቃለሁ?

ጠያቂያችን ከአዳማ እንደጻፉልን፣ ከድሬዳዋ በአውቶቡስ ሲመለሱ አንድ የሚያውቁት ሰው አዳማ ላለ ዘመዱ እንዲያደርሱለት ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳዎች ሰጥቶዎታል። ኬላ ላይ ሲፈተሹ ከዱቄቱ ሥር ቀረጥ ያልተከፈለባቸው ስልኮች ተገኙ። አሁን በዋስ ወጥተዋል፤ አንድ ጓደኛዎ ደግሞ «ጣሳዎቹን ከገበያ ነው የገዛኋቸው በል» ሲል መክሮዎታል።

የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 አንቀጽ 168 የኮንትሮባንድ ዕቃ ማጓጓዝንም ወንጀል ያደርጋል። ይሁን እንጂ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 መሠረት ወንጀል ተፈጸመ የሚባለው ሕጋዊ (በሕግ የተከለከለ መሆኑ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱ) እና ሞራላዊ (የአድራጊው ሐሳብ ወይም ቸልተኝነት) ፍሬ ነገሮቹ ተሟልተው ሲገኙ ስለሆነ፣ ዕቃው በእጅዎ መገኘቱ ብቻውን ጥፋተኛ አያደርግዎትም። በአንቀጽ 80 እንደተደነገገው፣ በፍሬ ነገር ላይ ተሳስቶ ወተት የያዘ መስሎት የተጓዘ ሰው የሚዳኘው እሱ እንደመሰለው ነው። ኮንትሮባንድ መያዝ ክልክል መሆኑን አላውቅም ማለት ግን የሕግ ስሕተት ነውና የተለየ ጉዳይ ነው፤ መከላከያዎን በዚያ ላይ አይመሥርቱ።

ክርክሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። በአንቀጽ 58 መሠረት ሆን ብሎ አድርጓል የሚባለው በእርግጠኝነት ያወቀ ሰው ብቻ አይደለም፤ ሊሆን እንደሚችል እየገመተ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የገፋበትም ጭምር ነው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ የጣሳውን ክብደት፣ ክዳኑ እንደገና የታሸገ መምሰሉን፣ የተከፈለዎት ገንዘብ ካለም መጠኑን እያነሣ ጠርጥረው ዝም ማለትዎን ለማሳየት ይጥራል። ለእነዚህ ጥያቄዎች እውነተኛ መልስ ይኑርዎት።

የጓደኛዎን ምክር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ገዛሁ ካሉ ጣሳዎቹ የእርስዎ ይሆናሉ፤ የሰጠዎትም ሰው ከጉዳዩ ይወጣል። እውነቱን በጊዜ መናገር ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ የስለላ ታሪክ ያሳያል፦ እ.ኤ.አ. በ1953 በኒውዮርክ ጋዜጣ የሚያድል ልጅ የተቀበለው ባለ 5 ሳንቲም ገንዘብ ሲወድቅ ለሁለት ተከፈለ፤ በውስጡ ለሶቪየት ሰላይ የተላከ ምስጢራዊ ጽሑፍ ያለበት ደቃቃ ፎቶግራፍ ነበር። ልጁ ያገኘውን በመናገሩ ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ደረሰ፤ ምስጢሩ በ1957 ሲፈታም እሱ የጉዳዩ መነሻ እንጂ ተጠርጣሪ አልነበረም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ያለመናገር መብት አለዎት፤ ዝም ማለትና መዋሸት ግን አንድ አይደሉም። ከዚህ በኋላ ለፖሊስ ቃል ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ። የአውቶቡስ ትኬትዎን፣ ከላኪውና ከተቀባዩ ጋር የተደዋወሉበትንና የተጻጻፉበትን ስልክ ምንም ሳያጠፉ ያስቀምጡ፤ ጣሳዎቹን ሲረከቡ ያየ ሰው ካለ አድራሻውን ዛሬውኑ ይያዙ። ላኪው ደውሎ ሊያግባባዎት ቢሞክር በግልዎ አይደራደሩ፣ ለጠበቃዎ ያሳውቁ።