የድሮ «ድራገን» መጽሔቶችን ዛሬ ስለማንበብ፦ ለጠያቂያችን የተሰጠ መልስ

ሰላም ለእርስዎና ለቡድናችን አባላት በሙሉ። ጎረቤትዎ ካወጡት የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ ላይ ከ1982 እስከ 1990 የታተሙ ወደ 40 የሚጠጉ «ድራገን» መጽሔቶችን በአንድ ካርቶን እንዳገኙ ገልጸው፣ አምስተኛውን የዱንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ተጫዋቾች ጀግኖችን ወክለው፣ ዳይስ እየጣሉ አንድ ታሪክ በጋራ የሚፈጥሩበት የጠረጴዛ ጨዋታ) እትም ለሚጫወት ቡድን ዛሬም ይጠቅሙ እንደሆነ፣ ካልሆነም ለሰብሳቢ መሸጡ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ ያገለገሉ መጻሕፍት መደብር ተመሳሳይ ካርቶን ተሸክሜ ወጥቼ ተመሳሳይ ጥያቄ ስለነበረብኝ፣ ካየሁት ተነሥቼ በዝርዝር ልመልስልዎ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ሐሳቤን ልናገር፦ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሳያነቧቸው አይሽጧቸው። ሲያነቡም ማውጫውን እያዩ የሚፈልጉትን ከመልቀም ይልቅ፣ በወጡበት ወር ቅደም ተከተል፣ ከአንባቢያን ደብዳቤ ጀምረው ማስታወቂያውን ሳይዘሉ ይሂዱ። የእነዚህ መጽሔቶች ሀብት ያለው፣ ጨዋታው ገና ቅርጽ እየያዘ በነበረበት ዘመን ደራሲዎቹና ተጫዋቾቹ በየወሩ ሲከራከሩ ቁጭ ብሎ ለማዳመጥ በመቻሉ ላይ ነው።

ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራዬ ጭራቅ፣ አስማትና አዲስ የጀግና ዓይነት እየፈለግሁ ወደ ደብተር መገልበጥ ነበር። ግማሽ ዓመት ካለፈ በኋላ ደብተሩን ስከፍተው ከእኛ ጨዋታ ጋር የማይገጥሙ የቁጥር ሠንጠረዦች ብቻ ተከምረውበት አገኘሁ፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ጠረጴዛ ላይ የዋለው ሁለት ወይም ሦስት ነገር ቢሆን ነው። ተስፋ ቆርጬ ካርቶኑን ምድር ቤት አስገባሁት። በኋላ፣ በረዶ መንገዱን ዘግቶ ሦስት ቀን ከቤት ሳልወጣ በቆየሁበት ሰሞን፣ ሌላ የሚነበብ ስላልነበረኝ ከመጀመሪያው ቁጥር ተነሥቼ በተርታ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያን ጊዜ ነው መጽሔቱ አንድ ረጅም ወግ ሆኖ የተገለጠልኝ።

በእጅዎ ያለውን ነገር ቦታ ቦታውን ለማስያዝ ያህል ታሪኩን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጨዋታውን ያሳትም የነበረው ቲ.ኤስ.አር. የተባለው ኩባንያ መቀመጫው በዊስኮንሲን ግዛት በምትገኘው ሌክ ጄኔቫ ነበር። በ1975 «ዘ ስትራቴጂክ ሪቪው» የሚል ቀጭን ጋዜጣ መሰል ሕትመት ጀምሮ ከሰባት ቁጥር በኋላ አቆመውና፣ በሰኔ 1976 የ«ድራገን»ን የመጀመሪያ ቁጥር አወጣ። መጽሔቱ በወረቀት መታተሙን የቀጠለው እስከ መስከረም 2007፣ እስከ ቁጥር 359 ድረስ ነው። የእርስዎ ካርቶን የያዘው መካከለኛውን ዘመን ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚነበበው እሱ ነው፤ ጽሑፉ የበሰለ፣ ደንቡ ግን ገና አንባቢ የሚከራከርበት ስለነበር።

በተርታ ማንበብ ምን እንደሚያሳይ በአንድ ጉዳይ ላስረዳ። በ1983 የሐምሌና የነሐሴ ቁጥሮች ላይ፣ ማለትም በ75ኛውና በ76ኛው፣ ኤድ ግሪንዉድ የተባለ ጸሐፊ ዘጠኙን የሲኦል እርከኖች አንድ በአንድ፣ ከነገዦቻቸውና ከነሹማምንቶቻቸው ይተርካል። አንባቢው ያን ሁሉ የዲያብሎስ ዝርዝር በደስታ ተቀብሎ ለዓመታት ሲጫወትበት ያያሉ። በዚሁ ዘመን ውጭ ደግሞ ጨዋታው ልጆችን ወደ ሰይጣን አምልኮ ይመራል የሚል ብርቱ ተቃውሞ በአሜሪካ ተነሥቶ ነበር። በ1989 ሁለተኛው እትም ሲወጣ አጋንንትና ዲያብሎሶች ከጨዋታው ጠፉ፤ በየካቲት 1990 ቁጥር 154 ላይ የቲ.ኤስ.አር. ባልደረባ የሆነው ጄምስ ዋርድ ኩባንያው ይህን ያደረገው ከተቆጡ እናቶች በደረሱት ደብዳቤዎች ምክንያት መሆኑን በግልጽ ጻፈ። የአንባቢያን ቁጣ በተከታዮቹ ወራት በደብዳቤ ዓምዱ ላይ ፈሰሰ። የዋርድን ጽሑፍ ለብቻው ያነበበ ሰው አንድ የኩባንያ ማብራሪያ አነበበ፤ ከ1983 ጀምሮ ተከትሎ የደረሰበት ሰው ግን ለዓመታት የኖረበት ቤት ሲፈርስ ያየ ያህል ይሰማዋል። ለእኔ ነገሩ ከዚህም በላይ ቅርብ ነበር፤ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ አንዱን ሽፋን ስታይ አማትባ «ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» ብላኝ ነበርና። ቁጭ ብዬ ጨዋታውን ካስረዳኋት በኋላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፉዎቹን የምትወጓቸው ናችሁ ወይስ የምትገዙላቸው? እነዚያን ደብዳቤዎች የጻፉትን እናቶች ከዚያ ወዲህ በሌላ ዓይን ነው የማነባቸው።

አሁን ወደ ጥቅሙ እንምጣ። ከሚያዝያ 1983፣ ከቁጥር 72 ጀምሮ የአንድን ጭራቅ አኗኗር የሚተርኩ ተከታታይ ጽሑፎች ይወጡ ነበር፤ ምን ይበላል፣ የት ይተኛል፣ እንዴት ይወልዳል የሚሉ። የመጀመሪያው ስለ ፒርሰር ነው፤ ይህም በዋሻ ጣሪያ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ድንጋይ መስሎ ቆይቶ በሚያልፈው ሰው ላይ የሚወድቀው ፍጡር ነው። በደንብ መጽሐፉ ውስጥ ከላይ የሚወድቅ ጉዳት ከመሆን አያልፍም ነበር። ጽሑፉ ግን ሕያው እንስሳ አደረገው፤ ቅርፊት የለበሰ፣ የቀንድ አውጣ ዘመድ፣ ከወደቀ በኋላ ግድግዳውን ቀስ ብሎ እየተሳበ መልሶ የሚወጣ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለቡድኔ ያዘጋጀሁት ዋሻ ውስጥ ምንም ነገር ከጣሪያ እንዲወድቅ አላደረግሁም፤ በግድግዳው ላይ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ፣ በችቦ ብርሃን የሚያብለጨልጭ የደረቀ ልጋግ መኖሩን ብቻ ተናገርኩ። ተጫዋቾቹ ዝም አሉ፤ አንዷ እኅታችን ችቦዋን ቀስ ብላ ወደ ላይ አነሣችና «ማንም እንዳይንቀሳቀስ» አለች። ያን ምሽት አንድም ዳይስ ሳይጣል ግማሽ ሰዓት ሙሉ ትንፋሻቸውን ውጠው ተጫወቱ። ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጽሑፍ ይህን ከሰጠኝ፣ ቁጥሩ ባይገጥም ምን ቸገረኝ?

ስለ ቁጥሩ ካነሣሁ አይቀር፣ በዚያ ዘመን የመከላከያ ቁጥር (አንድን ገጸ ባሕርይ ወይም ጭራቅ መምታት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያሳየው) ዝቅ ባለ መጠን የተሻለ ነበር፤ ጋሻና ጥሩር የሌለው ሰው 10 ይዞ ይጀምርና ወደ ዜሮ፣ ከዚያም በታች ይወርዳል። ከ2000 ወዲህ አቅጣጫው ስለተገለበጠ፣ የድሮውን ቁጥር ከ20 ቢቀንሱት ለዛሬው የሚቀርብ ይሰጥዎታል። ከዚህ አልፈው ለትክክለኛ ልወጣ አይድከሙ። ዛሬ በእጅዎ ካለው መጽሐፍ በጉልበት የሚመሳሰለውን ጭራቅ ወስደው የድሮውን ባሕርይና ታሪክ ያልብሱት፤ ጠረጴዛው ላይ ልዩነቱን የሚያውቅ የለም።

ከቡድንዎ ውስጥ ወጣቶች ካሉ በዚህ መንገድ ሊያስገቧቸው ይችላሉ፦ በ2023 የወጣውን፣ በዚሁ ጨዋታ ላይ የተመሠረተውን ባልደርስ ጌት 3 የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ የተጫወተ ሁሉ ላዜል የተባለችውን ተዋጊ ያውቃታል። የእርሷ ወገን የሆኑት ጊትያንኪዎች የተወለዱት በኩባንያው ቢሮ ውስጥ አይደለም። በእንግሊዝ ከ1977 ጀምሮ ይታተም በነበረው «ዋይት ድዋርፍ» መጽሔት፣ አንባቢያን ጭራቅ ፈጥረው የሚልኩበት ዓምድ ነበረ፤ በ1979 ቁጥር 12 ላይ እነዚህን የላከው ያኔ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው፣ በኋላ ታዋቂ የልብ ወለድ ደራሲ የሆነው ቻርልስ ስትሮስ ነው። ከዚያ በ1981 በወጣ የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ ገቡ፤ ሽፋኑም ላይ ወጡ። ይህን ለአንድ የ16 ዓመት ልጅ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየኝና በሚቀጥለው ሳምንት የራሱን ጭራቅ በወረቀት ስሎ አመጣ።

ደስ የማይለውንም መደበቅ አልፈልግም። በጥቅምት 1976 ሦስተኛው ቁጥር ላይ የወጣ አንድ ጽሑፍ ለሴት ገጸ ባሕርያት የተለየ ደንብ አውጥቶ፣ የሰው ልብ የመማረክ ችሎታቸውን በ«ውበት» ይተካዋል። በእርስዎ ካርቶን ዘመን ይህ እየቀነሰ ቢሄድም፣ በሥዕሎቹና በማስታወቂያዎቹ ላይ ሴቶች የሚታዩበት መንገድ ከልጅ ጋር ለሚያነብ ሰው አስቀድሞ ማየትን ይጠይቃል። ስለ አፍሪካም እንዲሁ ነው። ካቶብሌፓስ የሚባለውን፣ ከባድ ራሱን ወደ መሬት ደፍቶ የሚሄድና ዓይኑን ያየው ሁሉ የሚሞትበትን አውሬ ከጨዋታው ያውቁታል፤ ሮማዊው ፕሊኒ የዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ የጻፈው በ«ኢትዮጵያ» ምድር፣ የዓባይ መነሻ ነው ይባል ከነበረ ምንጭ አጠገብ እንደሚኖር ነው። በእርግጥ የእርሱ ኢትዮጵያ የዛሬዋ አገራችን ሳትሆን ጥቁር ሕዝቦች የሚኖሩበት ደቡብ ሁሉ ነው። ቢሆንም ከሩቅ የተሰማ ወሬ በአንድ አሜሪካዊ ጠረጴዛ ላይ ጭራቅ ሆኖ ሲያርፍ ማየት ያስቆጫል፤ እኔን ያስቆጨኝ ያህል የራሳችንን ጭራቆች፣ ቡዳውን በጅብ አምሳል፣ የሐይቁን ዘንዶ፣ ወደ ጨዋታዬ እንዳስገባ ገፋፍቶኛል።

ሽያጩን በተመለከተ፣ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት የእያንዳንዱን ቁጥር መካከለኛ ገጾች ይመልከቱ። በብዙዎቹ ውስጥ ተነቅሎ የሚወጣ ጀብዱ፣ ካርታ ወይም ትንሽ የቦርድ ጨዋታ ይታተም ነበር፤ ያ ከጎደለ ሰብሳቢ አይፈልገውም፣ ካለ ግን ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን እየበላው ስለሚሆን በኃይል አይክፈቱት። እኔ ከአሲድ ነጻ የሆነ ካርቶን ከጀርባቸው አድርጌ በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አቁሜያቸዋለሁ፤ ምድር ቤት ውስጥ እርጥበት ስላለ መኝታ ቤት አወጣኋቸው። በ1999 የመጀመሪያዎቹ 250 ቁጥሮች በሲዲ ወጥተው ነበር፤ ነገር ግን ጽሑፋቸውን ለአንድ ጊዜ ሕትመት ብቻ የሸጡ ደራስያን የመብት ጥያቄ አንሥተው ነበርና፣ አንድ ሰው በቀላሉ በሌላ መልክ አገኘዋለሁ ብሎ ወረቀቱን እንዲለቅ አልመክርም።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ከ1984ቱ ቁጥሮቼ በአንዱ ውስጥ፣ የቀድሞው ባለቤት ዳይስ በፖስታ ለማዘዝ የማስታወቂያውን ቅጽ በመቀስ ቆርጦ ወስዶታል፤ የተቆረጠው አራት ማዕዘን በጀርባው በኩል የአንድ ረጅም ጽሑፍ የመጨረሻ ዐሥር መስመሮች ነበሩ። ከጎኑ በእርሳስ «ትእዛዝ ተልኳል» የሚል የልጅ እጅ ጽሑፍ አለ። የትኛው ወር እንደሆነና የገጹን ቁጥር ከዚህ መልስ በታች ፎቶ አንሥቼ አያይዘዋለሁ። ያው ቁጥር በካርቶንዎ ውስጥ ካለና ገጹ ሙሉ ከሆነ፣ እባክዎ እነዚያን ዐሥር መስመሮች አንሥተው ይላኩልኝ።