የደሴና የኮምቦልቻ ዙሪያ የእግር ጉዞ፦ ያላችሁን ጠይቁኝ

ሰላም ጎበዝ። ደሴ ተወልጄ ነው ያደግኩት። ጦሳን፣ አዝዋ ገደልን፣ የጎፍንና የኩታበርን ጋራ ከሃያ ዓመት በላይ በእግሬ ተመላልሼባቸዋለሁ። ዛሬ የምችለውን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን፦ ብቻችሁን አትውጡ። ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ጠይቁ። ከ8 ሰዓት በኋላ ሽቅብ አትቀጥሉ። ወድቆ ያገኛችሁትን ብረት አትንኩ።

የሙጋድ ልጅ፦ ጋሼ፣ ስፖርት ከተውኩ አራት ዓመቴ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከቦሩ ሜዳ። ከደሴ በስተ ሰሜን ነው፣ ታክሲ ያደርስሃል። አፄ ዮሐንስ የ1870ውን የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ቦታ ነው። ሁለት ሰዓት ተራመድ፣ በማግስቱ ጉልበትህ የሚልህን ስማ። ስለ ጋራ ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

ሸዋ በር፦ ቦሩ ሜዳም ጉዞ ሆነ? ከብት የሚሰማራበት ሜዳ እኮ ነው።

መልስ፦ ለጀማሪ ጉዞ ነው። ልጁን ተስፋ አታስቆርጠው።

የፒያሳዋ፦ ጦሳ ለመውጣት ስንት ሰዓት ይፈጃል? ይከብዳል?

መልስ፦ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ያዢ። መካከለኛ ነው። የሚያስቸግረው ዳገቱ ሳይሆን ባሕር ዛፉ ነው። ቅጠሉ መሬቱን አልብሶታል። ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ደረቅ ፍሬው አለ፤ ሲረግጡት እንደ ጠጠር ይንከባለላል። ስትወጪ አይታወቅሽም፣ ስትወርጂ ነው የሚጥልሽ። ዱላ ያዢ። እንጨት የተሸከሙ እናቶች ቁልቁል ሲመጡ ካየሽ ወደ ዳገቱ ተጠግተሽ ቁሚ። ሸክም ይዞ ቁልቁለት ላይ መቆም ከባድ ነው፣ መንገዱን ልቀቂላቸው። ላይ ስትደርሺ ፊት ለፊትሽ አዝዋ ገደል ነው። ደሴ በሁለቱ መሃል እንዴት እንደተወሸቀች የሚገባሽ ያኔ ነው።

ሆጤ፦ ባሕር ዛፉን ነቅሎ ጥድ መትከል ነበር የሚሻለው። ምንጩን ሁሉ አደረቀው።

ሸዋ በር፦ አንተ በኤሌክትሪክ ስለምታበስል ነው። እነዚያ እናቶች ምን ይሸጡ?

ሆጤ፦ ጥድም እንጨት ነው።

ሸዋ በር፦ ጥዱ እስኪደርስ እንጀራው በምን ይጋገር?

መልስ፦ ሁለታችሁም እውነት አላችሁ፣ ግን ዛሬ አትጨርሱትም። ስለ ጉዞ ጠይቁ።

ዘመድ ናፋቂ፦ ጥሩ እይታ ያለው ቦታ ንገሩን።

መልስ፦ ከየት ተነስተህ? ከማን ጋር? በምን ወር? ስንት ሰዓት መራመድ ትችላለህ? እነዚህን ጻፍልኝና ልመልስ።

ቦርከና ማዶ፦ ኩታበር በኩል የሚታይ ነገር አለ? ሰው ሁሉ ሐይቅ ሐይቅ ይላል።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ነው ስጠብቅ የነበረው። ኩታበር ከደሴ በመኪና 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ጋራ ላይ የምታየው ገደሉን ብቻ አይደለም፤ ውሃ የሚለያይበትን ጫፍ ነው። ወደ ምዕራብ የወረደው ዝናብ የበሽሎ ወንዝ ይሆናል። በሽሎ አባይን ይቀላቀላል፣ ሱዳንን፣ ግብፅን አልፎ ሜዲትራኒያን ባሕር ይገባል። በዚህኛው በኩል የወረደው ደግሞ የቦርከና ወንዝ ነው። ደሴን በምሥራቅ በኩል ያልፋል፣ ዶሮ መዝለያ የሚባለውን ገደል ሰንጥቆ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ በጨፋ ረግረግ አልፎ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አያይም። አፋር በረሃ ውስጥ ይሄድ ይሄድና አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። «ሐይቅ» የምትሉትንም ጨምርበት፤ መውጫ የለውም፣ የጎረቤቱን የአርዲቦ ሐይቅ ውሃ ሳይቀር ተቀብሎ እዚያው ይዞ ይቀመጣል። ደሴ ላይ ተቀምጠን የሦስት ውሃ ጎረቤቶች ነን፣ ልጆቻችን ግን አያውቁትም።

አንድ ሐምሌ የወንድሜን ልጅ ይዤ ጫፉ ላይ ነበርኩ። ዝናቡ እንዳባራ ጣት የምታህል ውሃ ጭቃው ላይ እየወረደች ከአንድ ድንጋይ ጋር ተጋጨችና ለሁለት ተከፈለች። ልጁ በተረከዙ ጭቃውን ጫር አደረገው። ወደ ቦርከና ትሄድ የነበረችው ዞራ ወደ በሽሎ ወረደች። «ግብፅ ላክኋት» አለኝ። እስካሁን ድረስ ካርታ ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ያቺን ቦታ ነው።

ግን በክረምት አትሂዱ፤ እኔም ያን ቀን ልጅ ይዤ መውጣት አልነበረብኝም። ጉሙ ሲወርድ ከፊትህ ያለውን ሰው አያሳይህም፣ የገደሉ አፋፍም ይናዳል። ጥቅምትና ኅዳር ነው ጊዜው። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ጋቢ ያዙ። ብቻችሁን አትውጡ።

ኮምቦልቻዊት፦ ሁሌ ደሴ ደሴ! የእኛ የጎፍስ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጎፍን ማን ይረሳል? በዚህ ዙሪያ እውነተኛ ደን ማየት የፈለገ ሰው የጎፍ ይሂድ። ጥዱና ወይራው ገና አለ። ግን ከባድ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት፣ የጎፍ ጫፍ ወደ 3,000 ይጠጋል። ከሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ማለት ነው። ሙሉ ቀን ያዙለት፣ ከ12 ሰዓት በፊት ተነሱ። መንገድ የሚያውቅ የሰፈሩን ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ የድካሙንም ክፈሉት።

ኮምቦልቻዊት፦ አየህ ሸዋ በር? ደን ማለት ይሄ ነው።

ሸዋ በር፦ ደኑን ውሰጂ፣ ሙቀቱንም ከነትንኙ!

የሙጋድ ልጅ፦ ለመሆኑ ደሴ የሚለው ስም ከ«ደስታ» ነው ከ«ደሴት»?

ሆጤ፦ አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው «ደስዬ» አሉ ነው የሚባለው። በ1875 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ቦርከና ማዶ፦ አያቴ ደግሞ በተራራ ስለተከበበች እንደ ደሴት ናት ይሉ ነበር።

መልስ፦ የኮከቡን እኔም ሰምቼ ነው ያደግኩት። ቀጥሉ፣ ጥያቄ።

ከሰመራ፦ ለዓረፋ ደሴ እመጣለሁ። በመጣሁ በማግስቱ ጦሳ መውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ በማግስቱ አትውጣ። ሰመራ ቆላ ነው፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ። ሁለት ሺህ ሜትር በመኪና ወጥተህ ነው የምታድረው። ሁለት ቀን ከተማ ውስጥ ተዘዋወር፣ ውሃ ጠጣ። ራስ ምታት ከያዘህ አረፍ በል። ከዚያ አብሽር፣ ትወጣዋለህ።

የፒያሳዋ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ በእግር ለመውረድ አስበናል፣ ስድስት ልጆች ነን። ቁልቁለት ስለሆነ ይቀላል አይደል?

መልስ፦ አይቀልም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁለት ደግሞ ጉልበት ይጨርሳል። ከሁሉ በላይ ግን አስፋልቱን ተከትላችሁ ሐረጎ የሚባለውን ቁልቁለት በእግር እንዳትወርዱ። መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጠርዙ ጠባብ ነው፣ የጭነት መኪና ይበዛል። ሹፌሩ ከኩርባው ወዲያ ያለውን ሰው አያይም። እይታውን ከፈለጋችሁ በሚኒባስ ሂዱና ሐረጎ ላይ ውረዱ፣ ኮምቦልቻን ቁልቁል እዩዋት፣ በሚቀጥለው ሚኒባስ ተሳፈሩ።

ዘመድ ናፋቂ፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴቶች ይገባሉ?

መልስ፦ ሴቶች ወደ ወንዶች ገዳሙ አይገቡም። በሐይቁ ዳር መሄድ ግን ማንም አይከለክልም።

አዲስ ገቢ፦ ጦሳ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

መልስ፦ ተመልሷል። ከላይ ለፒያሳዋ የጻፍኩትን አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ ጫማስ? ውድ ቦት ጫማ የግድ ነው?

ቦርከና ማዶ፦ ገበሬው በኮንጎ ጫማ እያለፈህ ይሄዳል።

መልስ፦ ገበሬው እግሩን ከልጅነቱ አስለምዷል፣ አንተ አላስለመድክም። ውድ መሆን የለበትም። ሶሉ ያላለቀ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን። አዲስ ጫማ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዳገት ላይ አትልበስ፣ ተረከዝህን ይልጥሃል። በሶና ውሃ ያዝ። ብቻህን አትውጣ።

የሰኞ ገበያዋ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ለየት ይላል። ትናንት ከወንድሞቼ ጋር ከከተማው በላይ ወጥተን ነበር። አንድ የድሮ ምሽግ አጠገብ ዝገት የበላው፣ ጠርሙስ የሚያህል ብረት አየን። ትንሹ ወንድሜ ዛሬ ተመልሶ ሊያመጣው ይፈልጋል። ችግር አለው?

መልስ፦ አሁኑኑ አስቁሚው። ሌላ ነገር ከማንበብሽ በፊት ሂጂና ያዢው። በ2014ቱ ጦርነት እነዚህ ጋራዎች ላይ ምሽግ ተቆፍሯል፣ ተተኩሷል። ያልፈነዳ ነገር ዝጎም ይፈነዳል፣ መዛጉ እንዲያውም የባሰ ያደርገዋል። አትንኩት፣ ድንጋይ አትወርውሩበት፣ ምልክት ለማድረግ ብላችሁም አትጠጉት። ቦታውን ከሩቅ የሚያሳውቅ ዛፍ ወይም ቋጥኝ አስታውሱ። ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ንገሩ። እዚያ አካባቢ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ካሉ ለወላጆቻቸው ዛሬ ይነገራቸው። ስትጨርሺ እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ። ሌሎቻችሁ ጥያቄያችሁን አቆዩልኝ።

የሰኞ ገበያዋ፦ ይዤዋለሁ፣ ቤት ነው። አባቴ ወደ ቀበሌ እየሄደ ነው።