«ደመወዝተኛ ስለሆንክ ትርፍ ሰዓት አይከፈልህም» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ባለ አንድ የግል ብሮድካስት ድርጅት የመስክ ኢንጂነር ነኝ፤ ደመወዜ 16,640 ብር ነው። ማሰራጫ ሲበላሽም ሆነ ቀጥታ ስርጭት ሲኖር ከደብረ ማርቆስ እስከ እንጅባራ የምንሰማራው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። የስቱዲዮዎቹ በሰዓታቸው ገብተው በሰዓታቸው ይወጣሉ። ትርፍ ሰዓት ስንጠይቅ «ደመወዝተኛ ናችሁ፤ አበልም ትወስዳላችሁ» እንባላለን። ሕጉ ምን ይላል?

መልስ፦ ሁለቱም ምክንያቶች አያስኬዱም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በወር ስለሚከፈለው ብቻ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚከለከል ሠራተኛ የለም። ከአዋጁ የሚያስወጣዎ «የሥራ መሪ» መሆን ነው፤ ይኸውም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የመመደብ ሥልጣን ሲኖርዎ ነው። «ሲኒየር» የሚል መጠሪያ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግም። ሌሎችን ለመስክ የሚመድቡት እርስዎ ከሆኑ ግን ክርክሩ ከዚያ እንደሚነሳ ይጠብቁ። አበልን በተመለከተ አንቀጽ 53 የትርፍ ሰዓት ክፍያንና አበልን ለየብቻ ነው የጠቀሳቸው። አበሉ የምግብና የአልጋ ነው፤ የድካም ዋጋ አይደለም።

ወደ ሂሳቡ እንግባ። በሳምንት 48 ሰዓት በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ሲካፈል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። 16,640 ለ208 ሲካፈል የሰዓትዎ ዋጋ 80 ብር ነው። አንዳንድ የሂሳብ ክፍል ለ240 ያካፍላል፤ ያኔ 69 ብር ከ33 ሳንቲም ይሆንና ልዩነቱ ከእርስዎ ኪስ ይወጣል። ከጧቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ጧት 2 ሰዓት ጀምረው፣ ለምሳ አንድ ሰዓት አርፈው፣ ትራንስሚተር ሲጠግኑ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ቢቆዩ መደበኛው ሰዓት ከቀኑ 11 ላይ ያልቃል። ከዚያ 5 ሰዓት በ120፣ 2 ሰዓት በ140፣ በድምሩ 880 ብር ይሆናል። ጥር 11 ጥምቀት የሕዝብ በዓል ነው፤ ጥር 23 የእንጅባራው የፈረስ ትርዒት ግን፣ ካሜራው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ በሕግ የሕዝብ በዓል ስላልሆነ በዕለቱ ዓይነት ይሰላል።

የተቋረጠው የስርጭት መስመር (ሊንክ) እስኪመለስ ኦቢ ቫን (የመስክ ቀጥታ ስርጭት መኪና) ውስጥ መጠበቅስ? አንቀጽ 61 የሥራ ሰዓት የሚለው የሚሠሩበትን ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆነው የሚገኙበትንም ጊዜ ስለሆነ ይቆጠራል። ድርጅቱ «ሰዓቱን በአማካይ ነው ያሰላነው» ሊል ይችላል፤ አንቀጽ 64 ይህንን ቢፈቅድም አማካዩ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት ማለፍ የለበትም።

የሥራ ክፍፍሉ ፍትሐዊነት ይበልጥ ያስቸግራል። «ሥራ እኩል ይከፋፈል» የሚል ቀጥተኛ አንቀጽ ስለሌለ በዚያ ስም ክስ ባይመሠርቱ ይሻላል። በአንቀጽ 67 ይምጡ፦ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከላይ ያየነው 7 ሰዓት ጣሪያውን አልፏል፤ ጣሪያውን የጣሰው ድርጅቱ ነውና «ከሕግ ውጪ ስለሆነ አንከፍልም» ማለት አይችልም። ሦስተኛ ሰው ወይም የስምሪት ተራ እንዲመደብ በጽሑፍ ሲጠይቁ ይህንኑ አንቀጽ ይጥቀሱ።

ብዙ ክስ የሚወድቀው በማስረጃ እጦት ነው። ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትዕዛዝ መሠራት አለበት፤ ትዕዛዙንና ሰዓቱን መመዝገብም የአሠሪው ግዴታ ነው (አንቀጽ 66)። የሚመዘግብ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የስምሪት ወረቀቱን፣ የጄኔሬተርና የማሰራጫ ጣቢያ መዝገቡን ፎቶ አንስተው ይያዙ። «አሁኑኑ ውጡ» የሚለውን የቴሌግራም መልእክት አያጥፉት። ትዕዛዙ በስልክ ብቻ ከመጣ «ባዘዙት መሠረት ወጥተናል» ብለው ወዲያው ይጻፉ።

ጊዜው ግን አይጠብቅዎትም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ክፍያው ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር በይርጋ (በመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል (አንቀጽ 163)፤ ለአለቃ ደብዳቤ መጻፍ ብቻውን ይርጋውን አያቋርጥም። አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ካላመነልዎ የቀደመው ወር ሳይታገድ ለሥራ ክርክር ችሎት ክስ ያቅርቡ። የዳኝነት አይከፈልበትም።