ጠበቃዬ ለባሌ የሚሠራ መሰለኝ፤ የት ልክሰሰው?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ከባለቤቴ ጋር ተፋትተናል። የንብረት ክፍፍሉ ግን ገና ወረዳ ፍርድ ቤት ነው። ለጠበቃዬ 25,000 ብር ከፍያለሁ፤ ግማሹን በእጁ፣ ግማሹን በባንክ። ደረሰኝ አልሰጠኝም። ባለፈው ቀጠሮ አልቀረበም፤ ስደውል አያነሳም። ሰሞኑን ደግሞ ቤቱን ለባለቤቴ ለቅቄ ጥቂት ብር እንድቀበል የሚል የስምምነት ወረቀት ይዞ መጥቶ «ፈርሚ» ይለኛል። ከባለቤቴ ጠበቃ ጋር ቡና ሲጠጣም አይቼዋለሁ። የቤቱ ካርታ እሱ እጅ ነው። የት ልክሰሰው?

መልስ፦ እህቴ፣ ክሱን ለጊዜው ያቆዩት። እሱ ይደርሳል። የንብረቱ ክርክር ግን ቀጠሮ አለው፤ በጠበቃው ላይ አቤቱታ ስላስገቡ ደግሞ ችሎቱ ቆሞ አይጠብቅዎትም።

ነገ ጠዋት የመዝገብ ቁጥሩን ይዘው ፍርድ ቤት ይሂዱ። ጉዳዩ የራስዎ ነው፤ ጠበቃ ባይኖርም መዝገቡን ያያሉ። ባለፈው ቀጠሮ ምን ትእዛዝ እንደተሰጠ ይጠይቁ፣ ግልባጩን ያውጡ። መዝገቡ ባለመቅረብዎ ተዘግቶ ከሆነ ይከፈትልኝ ብሎ ለማመልከት ያለዎት ጊዜ አንድ ወር ነው። ፍርድ ተሰጥቶ ከሆነም ይግባኙ 60 ቀን ነው። «ጠበቃዬ ቀረ» ማለት ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ ጠበቃው ሲቀር ደንበኛው እንደቀረ ይቆጠራልና። ስለዚህ የደወሉባቸውን ቀኖችና የላኩትን መልእክት ይያዙ።

ወረቀቱን አይፈርሙ። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ቤት፣ ካርታው በባል ስም ብቻ ቢሆን እንኳ፣ የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው።

ግን እርስዎ ስላልፈረሙ ብቻ ተረፍኩ አይበሉ። ውክልናውን አውጥተው ያንብቡት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 መሠረት ተወካይ ልዩ ሥልጣን ካልተሰጠው በወካዩ ስም መታረቅ አይችልም። ችግሩ እኛ ጠበቆች ውክልና ስናስጽፍ «ለመታረቅ፣ ለመስማማት» የምትለውን ቃል እንደ ጨው ጣል እናደርጋታለን። ደንበኛውም ሳያነብ ይፈርማል። ያቺ ቃል ካለች እርስዎ እምቢ ያሉትን ወረቀት እሱ ሊፈርምልዎ ይችላል።

ስለዚህ ይሻሩት። ቁጥር 2226 ወካይ በፈለገበት ጊዜ ውክልናውን መሻር እንደሚችል ይናገራል፤ የጠበቃው ፈቃድ አያስፈልግም። ውክልናው የጸደቀበት ጽሕፈት ቤት ሄደው በጽሑፍ ይሻሩ፣ አንዱን ቅጂ ለጠበቃው፣ አንዱን ለመዝገቡ ይስጡ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን የመዝገቡን ነው። ዳኛው ካላወቀ ሰውየው ነገም ጠበቃዎ ሆኖ ይቆማል።

ስለ ቡናው ልንገርዎት። እኔም ከተቃራኒ ወገን ጠበቃ ጋር ቡና እጠጣለሁ፤ ደብረ ማርቆስ ስንት ጠበቃ አለና! ቡናው ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ከባለቤትዎ ገንዘብ መቀበል፣ ምስጢርዎን ማውጣት ወይም ጥቅምዎን መሸጥ ነው። አቤቱታዎ ላይ በማስረጃ የሚያሳዩትን ብቻ ይጻፉ፤ ያልተገኘበትን ቀጠሮ፣ ያልሰጠውን ደረሰኝ፣ ያመጣውን ወረቀት። በባንክ የከፈሉት ጥሩ ማስረጃ ነው።

አቤቱታው የሚቀርበው የጥብቅና ፈቃዱን ለሰጠው አካል ነው፤ ፈቃዱ የክልል ከሆነ ለአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ፣ የፌዴራል ከሆነ ወደ አዲስ አበባ። ጥፋተኛ ከተባለ ፈቃዱ እስከመሰረዝ ሊደርስ ይችላል። ገንዘብዎን ግን አቤቱታውን የሚያየው የዲሲፕሊን ጉባኤ አያስመልስልዎትም፤ ለዚያ የፍትሐ ብሔር ክስ ያስፈልጋል። ፈቃድ የሌለው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ጉዳዩ የፖሊስ ነው።

ካርታውን በደብዳቤ ይጠይቁት፣ የሰጡትን ሰነድ ሁሉ እየዘረዘሩ። ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርምልዎት። አልፈርምም ካለ ሁለት ምስክር ይዘው ሄደው በእጁ ይስጡት።